ኢሜይሌን ማን ነካብኝ?

የክርክሩ ጥያቄ አጭር ነው። የኢሜይል ፕሮግራም አፕዴት ሲደረግ ሳይጠይቀን መልኩን መቀየሩ ተገቢ ነው ወይ? ሁለት የአዳማ ሰዎች ጽፈውበታል። አንዱ ለረጅም ዓመታት በትራንዚት ሥራ የቆዩ ሰው ናቸው። ሌላዋ ፍራንኮ አካባቢ ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ ታስተምራለችም።

ትራንዚተሩ፦ እኔ ቴክኖሎጂ አልጠላም። ድሮ በፋክስ ቀን የሚፈጅብኝን የጅቡቲ ጉዳይ ዛሬ በኢሜይል በደቂቃ እጨርሰዋለሁ። የምጠላው ማታ ዘግቼው የሄድኩት ፕሮግራም ጠዋት ስከፍተው ሌላ ሆኖ ሲጠብቀኝ ነው። ባለፈው የሆነውን ልንገራችሁ። የምሠራበት ፕሮግራም በራሱ አፕዴት አደረገ። ፎልደሮቹ ቦታ ቀይረዋል፣ መስመሮቹ ተራርቀዋል፣ በአንድ ስክሪን ሠላሳ ደብዳቤ አይ የነበርኩት ሰውዬ አሥራ ሁለት ብቻ ማየት ጀመርኩ። ይሁን ብዬ ቻልኩት። ያላወቅኩት ነገር፣ ርዕሳቸው አንድ የሆነ ደብዳቤዎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ጀምሮ ኖሯል። ላኪው የተስተካከለ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ማለት የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ በዚያው በድሮው ርዕስ ልኮልኛል፤ እሱ ግን ከሳምንት በፊት ከመጣው ደብዳቤ ሥር ገብቶ ተደብቋል። እኔ እንደ ልማዴ አዲስ ደብዳቤ ከላይ እጠብቃለሁ። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ አራት ቀን ቆመ። ኪራዩን የከፈለው ባለ ዕቃው ነው፤ ደንበኛዬ ፊት ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ።

ቴክኒሺያኗ፦ ጋሼ፣ የደረሰብዎት ነገር ከልቤ አሳዝኖኛል። ግን ጥፋቱን ሁሉ አፕዴት ላይ ከጣልነው ሰው የባሰ ነገር ያደርጋል፤ አፕዴቱን ያጠፋዋል። በየሳምንቱ «አፕዴት የሚባለውን ነገር ዝጊልኝ» የሚለኝ ደንበኛ አለ። ኢሜይል እኮ ሌባ የሚገባበት ዋናው በር ነው። የውሸት ኢንቮይስ፣ «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ፣ ቫይረስ ያለበት አታችመንት፣ ሁሉም የሚመጣው በዚያ ነው። የቆየ ቅጂ ይዞ የተቀመጠ ሰው ቀዳዳውን ማንም አይደፍንለትም። መልኩም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀየርም። ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ይውሰዱ። 1.0 የተባለው ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ2023 ሱፐርኖቫ ብለው 115 የተባለውን ቅጂ በአዲስ መልክ ሲያወጡ፣ ከሥር የተከመረው ኮድ ወደ ሃያ ዓመት የተጠጋ ነበር። በተጠቃሚዎች መዋጮ የሚኖር ፕሮጀክት ነው። አሮጌውንና አዲሱን መልክ ጎን ለጎን ይያዝ ቢባል አንዱን ስህተት ሁለት ቦታ መፈለግ፣ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መፈተን ነው። ማን ይችለዋል?

ትራንዚተሩ፦ ልጄ፣ ሁለቱን አትደባልቂብኝ። ቀዳዳ መድፈን ሌላ፣ ቤት ማዞር ሌላ። ጣሪያዬ አፈሰሰ ብዬ የጠራሁት ባለሙያ ማድ ቤቴን ወደ ጓሮ አዙሮት ቢሄድ አመሰግነዋለሁ? ቀዳዳውን ድፈኑልኝ፣ አዲሱን መልክ አሳዩኝ፣ ከዚያ ጠይቁኝ። ደግሞ አቅም የለም የሚለው ለትንሽ ፕሮጀክት ይሁን፤ ለትልልቆቹ አይሠራም። ጂሜይል ለደካማ መስመርና ለአሮጌ ብሮውዘር የሚሆን፣ ቀለል ያለ የኤችቲኤምኤል ገጽ ነበረው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሰውን ከዚያ ገጽ ወደ ከባዱ አዛወሩት። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውም የሜይል ፕሮግራም በ2024 ማብቂያ ድጋፉ ቆመና ሰው ወደ አዲሱ አውትሉክ ሂድ ተባለ። እነዚህ ገንዘብ አጥሯቸው ነው? ሚሌ ላይ ቆሞ በሚቆራረጥ ኔትወርክ አንድ ወረቀት የሚከፍት ሰው አልታሰባቸውም፣ በቃ።

ቴክኒሺያኗ፦ የኤችቲኤምኤሉን ነገር አልከራከርዎትም፤ እኔም ተናድጄበታለሁ። ግን ለውጥ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በአማርኛ ኢሜይል አንጻጻፍም ነበር። በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ የግዕዝ ፎንት አብሮ አይመጣም ነበር። ፎንት ላልጫነ ሰው የተላከ የአማርኛ ደብዳቤ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። ኒያላ የሚባለው ፎንት አብሮ የመጣው ከቪስታ ወዲህ ነው።

ትራንዚተሩ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ፊደላችን ሲመጣ የማን አዝራር ተነካ? ማንም አዲስ ነገር አልተማረም። ጠዋት ከፈትን፣ ሳጥኑ ፊደል ሆነ። እንዲህ ያለው ለውጥ በየቀኑ ይምጣ።

ቴክኒሺያኗ፦ እሱ ላይ ረቱኝ። አንድ ነገር ግን ይስሙኝ። እኔ ጋ የሚማሩት ልጆች ኮምፒውተር ሳይነኩ በፊት ስልክ ይዘው ያደጉ ናቸው። ትንንሽ ፊደልና አምስት ረድፍ አዝራር ሳሳያቸው ይደነግጣሉ። በአዲሱ መልክ ግን በአንድ ከሰዓት ይገባቸዋል። ዓይኑ የደከመ ሰውም ሰፋ ባለው ገጽ ይጠቀማል። እርስዎን የጎዳው ለእነሱ መግቢያ በር ነው። ደግሞ መጠቅለሉን ማጥፋት ይቻላል፣ መስመሮቹንም ማጥበብ ይቻላል፤ ቅንብሩ ውስጥ አለ።

ትራንዚተሩ፦ አለ፤ አውቄያለሁ። ያወቅኩት ግን በአምስተኛው ቀን ነው። ልጆቹ በአዲሱ ይጀምሩ፣ ደስ ይለኛል። አዲስ ለሚጭን ሰው አዲሱን ስጡት። ለዓመታት በአንድ ልማድ ለሚሠራ ሰው ግን መጠቅለሉ እንደጠፋ ይቆይለት፤ ከፈለገ ራሱ ይክፈተው። ይህ ሁለት ፕሮግራም መያዝ አይደለም፤ ሰው ቅንብሩ ውስጥ ያደረገውን አንድ ምልክት ማክበር ነው።

ቴክኒሺያኗ፦ የነበረውን ምርጫ ሳይነኩ ማለፍ ይቻላል፣ ልክ ነዎት። ይህን ሳያደርጉ ሲቀሩ ግዴለሽነት ነው፤ ይህንን እኔም ለሠሪዎቹ እጽፋለሁ። አሮጌው መልክ ለዘላለም ይቆይ በሚለው ግን አሁንም አልስማማም።

ትራንዚተሩ፦ ለዘላለም አላልኩም። የዕቃዬን ወረቀት ጨርሼ እስክልክ ይቆይልኝ ነው ያልኩት።