ድሬዳዋን ባቡር አልወለዳትም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ላይ በተደረገ አንድ ውይይት፣ ለአስጎብኚዎች በሚዘጋጀው ማንዋል ውስጥ የዘይላ ታሪክ ይግባ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ከመድረክ የተሰጠው መልስ «ዘይላ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ከእኛ ጋር ምን ያገናኛታል? ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት» የሚል ሆነ። አዳራሹም አጨበጨበ። እኔን ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው።

መንደር መሆኗን ማን ካደ? ዘይላ ዛሬ በሶማሌላንድ አስተዳደር ሥር፣ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ቦታ ናት። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩት ቤቶቿ ፈራርሰዋል፤ ሁለት ሚህራብ (የስግደት አቅጣጫ ማሳያ) ካለው ጥንታዊ መስጊድ የቀረው ፍርስራሹ ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድንማ ላሊበላንም ትንሽ የገጠር ከተማ ናት ብለን እንሰርዛታ! ዘይላን የዐረቡ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ያዕቁቢ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏታል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በእ.ኤ.አ. ነው)። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 ገደማ ሲደርስ ትልቅ ገበያ ያላት ትልቅ ከተማ ሆና አገኛት፤ የዓሣው ግማትና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም አስመርሮት ግን መርከቡ ላይ አደረ። ፖርቱጋሎችስ በ1517 መጥተው ያቃጠሏት የዓሣ ዋጋ ተወዶባቸው ይሆን?

ወደ «ባቡር ልጅ» ልምጣ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፣ ከተማዋም ያኔ ተቆረቆረች። እሺ። ግን ለምን እዚህ ቆመ? የመጀመሪያው ዕቅድ ሐረር መግባት ነበር። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። ያን ተራራ በሐዲድ መውጣት ወጪው አይቀመስም ተብሎ ተተወ። ዛሬም ወደ ሐረር የሚወስደውን የዴንገጎን ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተውን ሲኖትራክ የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ተራራው ሥር መቆም ግን የፈረንሳይ መሐንዲሶች ግኝት አይደለም። የዘይላ ሲራራ ነጋዴ ሐዲድ የሚባል ነገር ሳይሰማ ያደርገው የነበረ ነው። በኢሳ ሶማሌዎች ግመሎች በረሃውን አቋርጦ የመጣው ጨርቅና ጨው ተራራው ሥር ባለችው ጀልዴሳ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ በአህያና በበቅሎ ሆኖ ወደ ሐረር ይወጣል። የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ደግሞ በዚያው ወርዶ በግመል ወደ ባሕሩ ይሄዳል። የግብፅ ጦር በ1875 ሐረርን ለመያዝ የተነሣው ከዘይላ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ ራምቦም በ1880 ሐረር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ባቡሩ ያደረገው ነገር ቢኖር የጀልዴሳን ሥራ ወስዶ ድሬዳዋ ላይ ማስቀመጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታትማ ከባቡር የወረደ መንገደኛ ሐረር የሚደርሰው በበቅሎ ነበር! ማራገፊያው ያው፣ ተራራው ያው፣ በቅሎውም ያው። የተለወጠው ግመሉ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህችን ከተማ ማን ወለዳት? ዘይላ ናት እላለሁ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ወደቧ ጥልቀት እንደሌለው፣ ትልልቅ መርከቦች ራቅ ብለው መልሕቅ ይጥሉ እንደነበር አውቃለሁ። በ1897 ሥራው የተጀመረው የጅቡቲ ሐዲድ ገበያዋን ነጥቆ እንዳደረቃትም አውቃለሁ። እና? ገዳዩን ባቡር እያሞገሱ ሟቿን «ድሮም ምንም አልነበረችም» ማለት ከዚህ ይመነጫል?

አንዳንዶች ደግሞ ዘይላ ስትነሣ የወደብ ጥያቄ የተነሣ ይመስላቸውና ይበረግጋሉ። መሬት የጠየቀ የለም። የማንም ባንዲራ ይውለብለብባት፣ የሐረር አሚሮች ዓይናቸውን ወደዚያ ይጥሉ እንደነበር አይለወጥም። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተንም በ1854 ማብቂያ ወደ ሐረር ሲነሣ መንገዱን የጀመረው ከእሷ ነው። አስጎብኚው ይህን ካልተናገረ ቱሪስቱን ጣቢያው ውስጥ ካሉት አሮጌ የቶርኖ ማሽኖች ፊት አቁሞ ምን ሊነግረው ነው? ፈረንሳዮች መጡ፣ በረሃው ለመለመ? ይህ እኮ ቅኝ ገዢዎች ስለ ራሳቸው ያወሩት ተረት ነው፤ እኛው ማይክ ይዘን እየደገምንላቸው ነው።

ማንዋሉ ገና አልታተመም። ጀልዴሳ ደግሞ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት፤ ያጨበጨቡት ሰዎች ሄደው ለማየት ፓስፖርት አያስፈልጋቸውም።