የነዳጅ ነገር ሲነሳ

ጉልበተኛ የቤተሰብ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ወር ስለ ሞተሩ ያወራል። በሁለተኛው ወር ስለ መቀመጫው ምቾትና ስለ ድምፅ ማጉያው ጥራት ያወራል። በሦስተኛው ወር የነዳጅ ነገር ከተነሳ ግን ወዲያውኑ የእናንተን ቤተሰብ ጤንነት መጠየቅ ይጀምራል። ልጆች ደህና ናቸው? እናትህስ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? በዚያች ቅጽበት ለሰው ያለው አሳቢነት ያስገርማል።

መኪናው ከውጭ ሲያዩት ጨዋ ነው። ሰፊ የዕቃ ቦታ አለው፤ የሕፃን ወንበር ማሰሪያ አለው፤ ለጠርሙስ ማስቀመጫ የተሠሩት ጎድጓዳ ቦታዎች ከተሳፋሪው ቁጥር ይበልጣሉ። ከኮፈኑ ሥር ግን ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አድፍጧል። አራት ሰውና አንድ የታጠፈ የሕፃን ጋሪ ለማጓጓዝ ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን እንዳስፈለገ ብትጠይቁ፣ ከየትኛውም ባለቤት አፍ የሚወጣው መልስ አንድ ነው፤ «ለልጆቹ ደህንነት ነው።» ረጅም የጭነት መኪና ሲቀድሙ ቶሎ አልፎ ወደ መስመር መግባት ያስፈልጋል ይላችኋል። ሐሰት አይደለም። ልጆቹ ግን አስተያየት አልተጠየቁም። ከዜሮ ተነስቶ በስድስት ሰከንድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መድረስ የአባት ደስታ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው የአምስት ዓመት ልጅ ለደህንነቱ ስለተደረገለት ነገር ምስጋናውን የሚገልጸው በማስመለስ ነው።

ይህ አባት መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ስለ ነዳጅ አላሰበም ማለት አይቻልም። አስቧል። የሻጩን ወረቀት አገላብጦ አይቷል፤ የፍጆታው ቁጥር ላይ ጣቱን አስቀምጦ ለሚስቱ አሳይቷል፤ «አየሽ? ካለን ትንሽ መኪና እኮ ብዙም አይለይም» ብሏል። ሚስትም ቁጥሩን አይታ፣ እሱንም አይታ፣ ዝም ብላለች። ይህ ዝምታ የማታ ማታ መዘዝ እንደሚያመጣ ባልየው ያኔ አልጠረጠረም።

የወረቀቱ ቁጥር የተለካው በሚከተለው አኳኋን ነው። መኪናው በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ ይቆማል፤ ጎማው ይሮጣል፣ መኪናው ካለበት ንቅንቅ አይልም። የክፍሉ ሙቀት 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ተዘግቷል። ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የተሰመረውን የፍጥነት መስመር እየተከተለ ይነዳል። አይቸኩልም፣ ማንም አይቀድመውም፣ ከኋላ ሆኖ «ሽንቴ መጣ» የሚለው የለም። አውሮፓ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2017 ድረስ ስትሠራበት የነበረው አሮጌው የሙከራ ዑደት ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በአንደኛው ክፍሉ መኪናው ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ 26 ሰከንድ ይሰጠው ነበር። በስድስት ሰከንድ መቶ የሚገባው መኪና፣ ሃምሳን ለመድረስ ሃያ ስድስት ሰከንድ! በዚህ አነሳስ መብራት ላይ የሚነሳ ሰው ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ በጡሩምባ የዘር ሐረጉን ይቆጥሩለታል።

ቁጥሩና ኑሮው መራራቃቸው አይቀርም ነበር፤ ተራራቁም። ዓለም አቀፉ የንጹህ ትራንስፖርት ምክር ቤት ባወጣው ጥናት፣ በአውሮፓ በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት በ2001 9 በመቶ ገደማ የነበረው በ2015 ወደ 42 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መኪኖቹ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የባሰ ነዳጅ ፈጂ አልሆኑም፤ አምራቾቹ ፈተናውን ማለፍ ተማሩ እንጂ። አንዳንዱ ከመማርም አልፏል፤ ሚትሱቢሺ በ2016 የነዳጅ ፍጆታ መረጃ ማጭበርበሩን በራሱ አፍ አምኗል። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ፣ 23 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና በሰዓት እስከ 131 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አዲስ ፈተና መጣ። የአውሮፓ ኅብረትም አዳዲስ መኪኖች የሚፈጁትን ነዳጅ ራሳቸው እንዲመዘግቡ አዘዘ። በ2024 የአውሮፓ ኮሚሽን ከዚህ መዝገብ ተነስቶ ያወጣው ሪፖርት፣ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በመንገድ ላይ ከወረቀቱ በአማካይ 20 በመቶ ያህል እንደሚበልጡ አሳይቷል። በነዳጅም በባትሪም የሚሄዱት፣ ከግድግዳ ሶኬት ኃይል የሚሞሉት ድቅል መኪኖች ግን ከተባለላቸው ሦስት ተኩል እጥፍ ሲፈጁ ተገኙ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ባለቤቶቹ ሶኬት ላይ የሚሰኩት ከታሰበው በጣም ባነሰ ጊዜ ነው። የአንዳንዱ ገመድ ዛሬም ከነላስቲኩ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ተኝቶ ይገኛል።

ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ አንድ አምስተኛ ጨምሮ ማሰብ ለማንኛውም ሰው ያስኬዳል። የኛ ጉልበተኛ ግን እዚያ ላይ አይቆምም፤ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። አንድ ትልቅ የቤተሰብ መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይዋዥቅ ለመሄድ የሚበቃው ጉልበት ሠላሳ ፈረስ ቢሆን ነው። የቀሩት ሁለት መቶ ሰባዎቹ ሥራ ፈትተው ከጋጣ ቆመዋል፤ ነገር ግን ድርቆሹን አልተውም። ትልቅ ሞተር በትንሽ ሥራ ላይ ሲውል ብዙውን ነዳጅ የሚያቃጥለው የራሱን ብረት ለማንቀሳቀስና በጠበበ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ነው። ይህን ለማቅለል ሲባል አንዳንዶቹ ሞተሮች ሥራ ሲቀንስ ግማሽ ሲሊንደራቸውን ያሳርፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ አነስ ተደርገው አየር በግፊት የሚያስገባላቸው ቱርቦ ይገጠምላቸዋል። ባለ ቱርቦው በዝግታ ሲሄድ ቆጣቢ ነው፣ ሲረግጡት ኃይለኛ ነው፤ ሁለቱም በማስታወቂያው ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም እንደማይሆን የሚናገር መስመር ግን የለም።

ደግሞ ክብደቱ አለ። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና ከቆመበት ተነስቶ መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ በደረሰ ቁጥር አንድ አሥረኛ ሊትር ገደማ ቤንዚን ለዚያች ሩጫ ብቻ ይቃጠላል። ቀጥሎ መብራቱ ይቀላል፤ አባት ፍሬን ይረግጣል፤ ያ ሁሉ ነዳጅ የፍሬን ሸራ አሙቆ ከነፋስ ጋር ይሄዳል። ከጎን ያለው ትንሽ መኪና እየተንፏቀቀ መጥቶ እዚያው መብራት ላይ አጠገቡ ይቆማል። ሁለቱ ሾፌሮች አይተያዩም፤ አንደኛው መሪውን በጣቱ እየመታ መብራቱን ያያል፣ ሌላኛው ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ይዞራል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለው የችኮላ አነዳድ በሚቆራረጥ መንገድ ላይ ነዳጅ ቆጣቢነትን ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። አርባ በመቶ፣ አንድ መብራት ላይ እኩል ለመድረስ!

የጣሪያውን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ለአንድ የዕረፍት ጉዞ ተብሎ ጣሪያው ላይ የታሰረ የዕቃ ሣጥን፣ ጉዞው ካለቀ ከስንት ወር በኋላም እዚያው ነው። ባዶውን። በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቆጣቢነት እንደሚወስድ ለባለቤቱ ብትነግሩት «መኪናው ላይ ያምርበታል» ይላችኋል። እንግዲህ ውበት በነጻ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባለቤቱ ደስተኛ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ፊት ለፊቱ ያለው የመኪናው ስክሪን ነው። ስክሪኑ አማካይ ፍጆታ ያሳያል፤ አማካዩን ከዜሮ የሚያስጀምር ቁልፍም አለው። ፍጥነት መለኪያን በተመለከተ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደንብ አለ፤ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ነዳጅን አሳንሶ የሚያሳይ ስክሪን ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፍቅር ነው። አንድ ወዳጄ ይህን ቁልፍ ሲጠቀም ላየው ሰው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይመስላል። ረጅም ቁልቁለት ጫፍ ላይ ሲደርስ ወሬውን ያቋርጣል፤ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ቁልፉ ይሰዳል፤ ይጫናል። ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አንስቶ፣ ትንፋሹንም ይዞ፣ እስከ ታች ይወርዳል። ታች ሲደርስ ዳር ይዞ ይቆምና ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 4.8 ሊትር። ፎቶው እስከ ማታ ድረስ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይደርሳል። ቁልቁለቱ በፎቶው ላይ አይታይም። ወዲያው ዳገቱን ሲወጣ የሚታየውን ቁጥር እስካሁን ፎቶ ያነሳው ሰው አላጋጠመኝም።

ይኸው ሰው ፍጆታውን የሚናገረው እንደ ጠያቂው ማንነት ነው። ጎረቤት ከጠየቀው «ዘጠኝ፣ ቢበዛ አሥር» ይላል። መኪናውን ሊገዛው የመጣ ሰው ከጠየቀው ስምንት ይሆናል፤ ያውም «አነዳድህን ካወቅህበት ከዚያም በታች» የሚል ምርቃት ይጨመርበታል። ነዳጁን የሚተካለት የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹም ሲጠይቀው ግን ድምፁ ይሰበራል፣ ትከሻው ይወርዳል፤ «ጋሼ፣ ይህ መኪና እኮ ጨረሰኝ! ከአሥራ ስድስት አይወርድም» ይላል። እውነቱን የሚፈልግ ሰው ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ቢያካፍል ብዙም አይሳሳትም። መለኪያውንም ቢሆን ያቀያይራል፤ አንዴ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር፣ አንዴ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር። በዚህ መቀያየር ውስጥ አንድ ቁም ነገር ይጠፋዋል። በሊትር 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና ወደ 8 ማድረስ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ከአራት ሊትር በላይ ያድናል፤ 15 የሚሄደውን ወደ 20 ማድረስ ግን ሁለት ሊትር እንኳ አያድንም። አነዳዱን ቢያስተካክል ከሁሉም ይልቅ የሚጠቀመው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው፤ ምክር ሲቀበል የሚታየው ግን ባለ ትንሹ መኪና ነው።

እውነተኛውን ቁጥር ማግኘት ከባድ ሆኖ አይደለም። ነዳጁን ሙሉ መቅዳት፣ ኪሎ ሜትሩን መያዝ፣ እንደ ልማድ መንዳት፣ እንደገና ሙሉ መቅዳት፣ የገባውን ሊትር ለተሄደው መንገድ ማካፈል። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ይህን ሒሳብ ግን ምሕንድስና ያጠኑ ሰዎች ሲሸሹት አይቻለሁ። አንዱ ደረሰኙን ማደያው ላይ ይጥላል። ሌላው ሆን ብሎ ሙሉ አይቀዳም፤ ዛሬ አሥር ሊትር፣ ነገ አሥራ አምስት፣ ከነገ ወዲያ ያለችውን ያህል እየጨመረ ዱካውን ያጠፋል።

ያች መጀመሪያ ላይ ዝም ያለችው ሚስት ነች ሒሳቡን የሠራችው። ከመሪው በስተቀኝ ባለው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አስቀመጠች። በተቀዳ ቁጥር ሊትሩን፣ ኪሎ ሜትሩንና የነጂውን ስም ትጽፋለች። መኪናውን አንድ ሳምንት እሷ፣ አንድ ሳምንት እሱ ይይዙታል፤ መንገዱ ያው ነው፤ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት መሥሪያ ቤት፣ ማታ በዚያው መመለስ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደብተሩን ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችው። የእሷ ሳምንታት በመቶ ኪሎ ሜትር 10.2 ሊትር ይላሉ። የእሱ 14.7።

ባልየው ደብተሩን አነሳ፣ ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ ድምሩን በስልኩ ደገመው። ልክ ነው።

«ይሄ እኮ ግልጽ ነው» አለ በመጨረሻ። «አንቺ የምትሄጂው ቁልቁለቱን ነው።»

«ማታ ስመለስስ?»

«ማታ ደግሞ ነፋሱ ከኋላሽ ነው።»