ብትናከስ ትወገድ፣ ባትናከስ ማን ይወስዳታል?

የምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ሰሞኑን በየብሎኩ መግቢያ ላይ አንድ ማስታወቂያ ለጥፏል። በግቢው የሚገኙ ውሾች በሙሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ «እንዲወገዱ» ያዝዛል። በስብሰባው ላይ አንዲት ነዋሪ ተነሥተው፣ ቢያንስ ዳማ ለምትባለው ውሻ ቤት እስኪገኝላት ድረስ ጊዜ ይሰጣት ብለው ሲጠይቁ፣ ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሰጡት መልስ ይህን ጽሑፍ አስጽፎኛል። «ያደገ ውሻ አዲስ ጌታ አይለምድም» አሉ፤ «ውሻ የፈለገ ሰው ቡችላ አምጥቶ ያሳድጋል እንጂ ከሰው ሁሉ ጋር የምትላላስ የመንገድ ውሻ ወስዶ ምን ያደርግላታል?» ጥቂቶች ሳቁ። ጉዳዩ እንደ ተዘጋ ተቆጠረና ስለ ውኃ ታንከሩ መነጋገር ተጀመረ።

ዳማ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ጥርሷን አይቶ አራት ዓመት ገደማ ይሆናታል ያላት፣ አንድ እግሯን በጥቂቱ የምታነክስ ቡናማ ውሻ ናት። መኪና ገጭቷት ከአስፋልቱ ዳር ወድቃ ያገኘቻት በግቢያችን በኪራይ የምትኖር አንዲት ወጣት ከደመወዟ ከፍላ አሳከመቻት፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ አስከተበቻት፤ እንዳትወልድም ቀዶ ሕክምና አሠራችላት። የክትባት ካርዷ ዛሬም በወጣቷ እጅ አለ። ሰው ደረጃው ላይ ከተቀመጠ ዳማ ራሷን ጉልበቱ ላይ ታሳርፋለች፤ የሚያሻሻት እጅ ካቆመ በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ታስታውሰዋለች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ተንጠላጥለው ሲያቅፏት ጅራቷን እየቆላች ዝም ብላ ትቆማለች። ማንንም ነክሳ አታውቅም፤ ነክሳለች ያለም ሰው በስብሰባው ላይ አልነበረም።

«ያደገ ውሻ አዲስ ጌታ አይለምድም» የሚለው አባባል በልበ ሙሉነት ስለተነገረ ብቻ እውነት የሚመስል፣ ነገር ግን ለአፍታ ቢመረመር የማይቆም አባባል ነው። ማየት የተሳናቸውን ሰዎች የሚመሩ ውሾች እንዴት እንደሚዘጋጁ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይናገርም። ቡችላው መጀመሪያ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ቤተሰብ ዘንድ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያድጋል፤ ቀጥሎ ወደ አሠልጣኞች ይዛወራል፤ በመጨረሻም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ወይም ከሞላው በኋላ ሕይወቱን በእርሱ ላይ ለሚጥል፣ ፈጽሞ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። ይህ ውሻ ሦስት ጌታ ለምዷል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከባቡርና ከመኪና እያዳነ ይመራዋል። የፖሊስ አነፍናፊ ውሾችም አሠልጣኛቸው ሲቀየር ከአዲሱ ጋር ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ሩቅ ነው ከተባለ፣ ኮሚቴው ከግቢው በር ወጥቶ በግንባታ ላይ ያሉትን ሕንፃዎች ይመልከት፦ ሥራው አልቆ ዘበኛው ሲሰናበት ውሻው ለተተኪው ዘበኛ ወይም ለጎረቤት ግንባታ ይቀራል፤ ከሳምንት በኋላም አዲሱ ዘበኛ ራቱን በልቶ እስኪነሣ ድረስ ከእግሩ ሥር አይጠፋም። የማይለምድ ቢሆን ኖሮ የአዲስ አበባ ግንባታ ሁሉ ጌታውን ፍለጋ በሚያላዝን ውሻ በተሞላ ነበር።

የዳማ ነገር ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። እርሷ በመኪና ከተገጨች በኋላ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ ያለ ፍላጎቷ ተሸክመው በመርፌ የወጓትን ሰዎች ሁሉ ለምዳለች። አዲስ ሰው ለመልመድ ከዚህ የበለጠ ምን ፈተና እንድታልፍ ይፈለጋል?

ወደ ቡችላው እንምጣ፤ ምክንያቱም የኮሚቴው አባል እንደ ብልህ ምርጫ ያቀረቡልን እርሱን ነው። ቡችላ የሚወስድ ሰው የሚወስደው ግምት ነው። የእናቱን ጠባይ አላየም፤ የአባቱን ማንነት አያውቅም፤ ምን ያህል እንደሚያድግ ሻጩም አያውቅም፣ ምንም እንኳ «ጀርመን ሼፐርድ ነው» ብሎ ቢምልለትም። ቡችላ ሰውን፣ ሕፃናትን፣ የመኪና ጡሩምባንና ሌላ እንስሳን ሳይፈራ ለመልመድ የሚመቸው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ግን በየመንገዱ ዳር የሚሸጡት ቡችሎች አብዛኞቹ የሚያሳልፉት ከእናታቸው ያለ ዕድሜያቸው ተነጥለው በካርቶን ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ነው። በፍርሃት ያደገ ውሻ ነው በኋላ የሚናከሰው። እንግዲህ ገዢው ውሻው ፈሪ ይሁን ደፋር፣ ተናካሽ ይሁን ገራም የሚያውቀው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቡችላው አድጓል፣ ልጆቹም ወደውታል ወይም ፈርተውታል፣ እርሱም ካልፈለገው ማታ በመኪና ወስዶ ቀለበት መንገድ ዳር ያወርደዋል። በከተማችን «የመንገድ ውሻ» ከምንላቸው ስንቶቹ የዛሬ ዓመት በካርቶን ውስጥ ሳሉ «እንዴት ያምራል!» የተባለላቸው እንደነበሩ ኮሚቴው ቢያስብበት መልካም ነበር።

በዚህ ላይ የቡችላው ጤና አለ። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት በሽታ ከሁሉ ይልቅ የሚፈጀው ቡችሎችን ነው፤ ክትባቱም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ሳይሆን፣ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚደጋገም ነው። የእብድ ውሻ በሽታም ዕድሜ አይመርጥም፤ የተለከፈ ቡችላ በሽታው እስኪገለጥበት ድረስ ሳምንታት ወይም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ደግሞ ማንም ሰው የቡችላን ንክሻ ከቁም ነገር ቆጥሮ ወደ ጤና ጣቢያ አይሮጥም። ቡችላ ሌሊት ያለቅሳል፤ በሁሉ ቦታ ይሸናል፤ ጥርሱን ሲያወጣ የጫማ ተረከዝ፣ የሶፋ እግርና የቻርጀር ገመድ ይበላል። ሠራተኛ ባልና ሚስት ጠዋት ወጥተው ማታ በሚገቡበት ቤት ይህን ማን ያርማል? ያደገች ውሻ ግን ያለችውን ናት። ቁመቷን በዓይን ታየዋለህ፤ ድምፅዋን ትሰማዋለህ፤ ሕፃን ጆሮዋን ሲጎትታት ምን እንደምታደርግ፣ ድመት ስታልፍ ምን እንደሚሰማት፣ ብቻዋን ስትቀር ትጮህ እንደሆነና እንዳልሆነ ከመውሰድህ በፊት ጠይቀህና አይተህ ትወስናለህ። ከፈለግህ በሦስት ቅዳሜ ሦስት ጊዜ መጥተህ አብረሃት ትሄዳለህ። በዚህ ከተማ የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር እንኳ ይህን ያህል መረጃ አናገኝም። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚወድ፣ ሕፃናት ያሉት፣ ጊዜ የሌለው፣ አስገራሚ ነገር የማይፈልግ ሰው ሊወስድ የሚገባው ያደገችውን ነው፤ ቡችላ የሚገባው ጊዜና ትዕግሥት ለተረፈው ሰው ብቻ ነው። የኮሚቴው አባል ምክር ልክ የተገላቢጦሽ ነው።

የመልሳቸው ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም «ከሰው ሁሉ ጋር የምትላላስ» የሚለው፣ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። እስቲ እናስተውል፦ ማስታወቂያው ውሾቹ እንዲወገዱ ያዘዘው «ለነዋሪው ደኅንነት ሲባል» ነው፤ ማለትም ሊናከሱ ስለሚችሉ ነው። ዳማ እንደማትናከስ ሲነገር ደግሞ፣ የማትናከስ ውሻ ምን ትጠቅማለች ተባለ። ብትናከስ አደጋ ናት፣ ባትናከስ ከንቱ ናት፤ በየትኛውም መንገድ ከግቢ ትውጣ። ይህ የተለመደውን የከተማችንን አስተሳሰብ ያጋልጣል። ውሻ ማለት ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ማታ ተፈትቶ፣ የመጣውን ሁሉ የሚዘነጥል ፍጡር ነው ብለን ስለወሰንን፣ ፍቅር እንደ ጉድለት ይቆጠርብናል። ሌባን የሚያስፈራው አስቀድሞ የውሻው ጩኸት እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ ዳማም በሌሊት እንግዳ ሰው ሲገባ ትጮሃለች፣ ዘበኞቻችን ሲያንቀላፉ የምትቀሰቅሳቸው እርሷ ናት። ተናካሽ ውሻ የሚመኝ ሰው ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071ን ቢያነብ አይጎዳም፤ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ተጽፏል። የጎረቤቱን ልጅ የሚነክስ ውሻ ይዞ ከመክሰስና ከመከሰስ፣ የጎረቤቱ ልጅ የሚወዳትን ይዞ መኖር አይሻልም? ጃንሆይ ሉሉ የሚባለውን ትንሽ ውሻቸውን አስከትለው በአደባባይ ሲታዩ «ይህ ምን ይጠብቃል?» ብሎ የጠየቀ መኖሩን አልሰማሁም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ከተነሣ ኮሚቴው ጭራሽ ባያነሣው ይሻለው ነበር። በሽታው ሰውን የሚይዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከውሻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በዚያ መንገድ እንደሚመጣ ይገልጻል። መከላከያውም የታወቀ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እንግዲህ በግቢያችን ካሉት ውሾች መከተቧ በካርድ የተረጋገጠላት ዳማ ናት፤ ኮሚቴው እርሷን ሲያባርር የሚያባርረው ክትባቱን ነው። የቆሻሻ ገንዳው ክፍት እስከሆነ፣ ሥጋ ቤቱም አጥንቱን እስከጣለ ድረስ ቦታዋ ባዶ አይቀርም፤ ያልተከተበ፣ ማንም የማያውቀው ሌላ ውሻ ይተካታል። የታወቀ ውሻ ሰው ቢነክስ እንኳ ታስሮ ለ10 ቀናት ይታያል፤ ያልታወቀው ግን ነክሶ ይሰወራል፣ የተነከሰው ሰው በስጋትና በመርፌ ይቀራል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓውያኑ 2025 ነሐሴ ወር የዴልሂ የጎዳና ውሾች ሁሉ እንዲሰበሰቡ ካዘዘ በኋላ፣ በዚያው ወር ትእዛዙን አሻሽሎ፣ በበሽታው ከተያዙትና ከጠበኞቹ በቀር የተከተቡትና የመከኑት ወደነበሩበት ይመለሱ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐሳቡን ለመለወጥ ካላፈረ፣ የግቢ ኮሚቴ ምን ያሳፍረዋል?

አንድ አዛውንት በስብሰባው ላይ ሃይማኖት ጠቅሰው ውሻ ርኩስ ነው ብለዋል። ለዕድሜያቸው ክብር ስለምሰጥ በአጭሩ ብቻ እመልሳለሁ። እመቤታችን ለተጠማች ውሻ በጫማዋ ውኃ ስታጠጣ የሚያሳየውን ሥዕል እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ደጋግመው ሳያዩት አልቀሩም። በእስልምናም ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ሐዲስ ይናገራል። ውሻ ቤተ መቅደስ አይግባ መባሉ ሌላ ነገር ነው፤ የእኛ ደረጃ ሥር ግን ቤተ መቅደስ አይደለም፣ ዳማንም ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ ከየደጁ በድንጋይ የማዋከብ ፈቃድ ከየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም።

ውሻ የሚፈሩ ልጆች በግቢው አሉ፤ ይህን አልክድም። የደረጃው ሥርም ለውሻ ቋሚ ቤት አይደለም፤ ወጣቷ ራሷ ይህን ከማንም በፊት ስላወቀች ነው ቤት ስትፈልግላት የቆየችው። ችግሩ የሚደውልላት ሰው የሚጠይቃት ጥያቄ ነው፦ «ዘሯ ምንድን ነው?» «ትናከሳለች?» «ቡችላ የላትም?» የሀበሻ ውሻ መሆኗን ሲሰሙ ስልኩ ይዘጋል። «ወደ መጠለያ ይውሰዷት» የሚሉም አሉ፤ እኔ የማውቃቸው ውሻ አንሺዎች ግን ሥራ ውለው ማታ ከኪሳቸው አጥንት የሚገዙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ የእኛን ኮሚቴ ስንፍና እንዲሸከሙ የቀጠራቸው የለም።

ስለዚህ ቀነ ገደቡ ይነሣ። ለምግቧም ለሕክምናዋም ከማኅበሩ መዋጮ አምስት ሳንቲም አልተጠየቀም፣ አይጠየቅምም። ዳማን የሚወስደው ሰው በግቢ ቤት ወይም ሰፊ በረንዳ ባለው ቤት የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የማያስራት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ሰጥቶ ራሷ እስክትቀርበው የሚታገሣት፣ ክትባቷን በየጊዜው የሚያሳድስ፣ ነገሩ ካልሆነለትም መንገድ ላይ ሳይሆን ለወጣቷ በእጇ የሚመልሳት መሆን አለበት። ዘበኛ የሚፈልግ ዘበኛ ይቅጠር። እንዲህ ያለ ቤት ሲገኝ ዳማ ትሄዳለች፤ ከዚያ በፊት የትም አትሄድም።