ማስተካከያ፦ ሞኒተሩ 100% እያለ ፍሪጁ የሚጠፋበት ተጎታች

ከሐዋሳ ተነስተው ለካምፒንግ ስለሚወጡ ተጎታች ቤቶች ቀደም ሲል በወጣው መረጃ ላይ «የባትሪ ሞኒተሩ (የቀረውን ቻርጅ በመቶኛ የሚያሳየው መሣሪያ) 100% እያሳየ ፍሪጁ ከጠፋ ባትሪው አልቆለታል፣ ይቀየር» የሚል ምክር ነበረ። ምክሩ እንዲህ ይታረም፦ ባትሪ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት የሻንቱ (በኔጌቲቩ መስመር ላይ ተገጥሞ የሚያልፈውን አምፔር ለሞኒተሩ የሚለካው ክፍል) አያያዝ ይታይ።

ሞኒተሩ የባትሪውን ሆድ አያይም። በሻንቱ በኩል የገባና የወጣውን አምፔር ብቻ ነው የሚደምር የሚቀንሰው። ስለዚህ በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ወደ ሻንቱ ከሚሄደው ወፍራም ገመድ በቀር ምንም መታሰር የለበትም። የሶላር ኮንትሮለሩ፣ የኢንቨርተሩና የሻሲው ኔጌቲቭ ሁሉ ከሻንቱ ማዶ ይሁን። ነገሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተጨመረ ኢንቨርተር ነው፤ ለሚገጥመው ሰው ስለሚቀለው በቀጥታ ባትሪው ላይ ያስረዋል። ከዚያ በኋላ ኢንቨርተሩ ይበላል፣ ሞኒተሩ አይቆጥርም።

ሽቦው ትክክል ከሆነ ሞኒተሩ ላይ በሴቲንግ የተሞላውን የባትሪ አቅም (አምፔር ሰዓት) ባትሪው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ባትሪውን እስከ መጨረሻው ቻርጅ አድርጋችሁ ሞኒተሩን 100% ላይ አስጀምሩት።

በዚያው መረጃ የተጠቀሰው የቮልት መለኪያ (12.7 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ) የሚያገለግለው ለባለ 12 ቮልት ሊድ አሲድ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪው ያለ ጭነት ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ። የሊቲየም ቮልት ባትሪው ሊያልቅ እስኪቃረብ ብዙም ስለማይወርድ በቴስተር መገመት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ፍሪጁ ቶሎ ከጠፋ፣ ያኔ ባትሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው።