ሳይነስ ያለበት ሰው መካሪ አያጣም
ጎንደር ውስጥ አፍንጫዬ ታፍኗል ማለት ለካ መዘዝ ነው! ጎንበስ ባልሁ ቁጥር ግንባሬ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ጎረቤቴ ግን «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቀህ ጠጣ» ብላ ፈርዳለች። ፒያሳ ያገኘሁት ወዳጄ ደግሞ ከወንድሙ የተረፈ አሞክሳሲሊን ከኪሱ አውጥቶ፣ ያውም የኪሱ ብናኝ ሳይራገፍ፣ «ዋጠው» ይለኛል። አብዛኛው የሳይነስ ሕመም እኮ ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን ምን ያደርገዋል? የሚከፍተው የአፍንጫ ጠብታም ቢሆን ከጥቂት ቀናት በላይ ሲደጋገም መልሶ ይደፍናል፤ ይህን የነገረኝ የለም። ስልኬን ብጠይቅማ ጭራሽ የአንጎል ዕጢ አሸከመኝ! ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጨው በጥብጦ አፍንጫን ማጠብ የሚባል ቀላል ነገር ግን ማንም ትዝ አይለው። ኧረ ከዚህ ሁሉ ሐኪም አንዱ እንኳ «ከጀመረህ ስንት ቀንህ ነው? ትኩሳትስ አለህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?