እማዬ በእግሯ የምትሄድበት ሰፈር

አባቴ የባንክ ሠራተኛ ነበር። የዝውውር ደብዳቤ የደረሰው ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ከደሴ ወደ ባሕር ዳር። “የት ሰፈር እንኑር?” ብሎ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። እሱ ቀድሞ ሄደ፣ አንድ ሳምንት አልጋ ይዞ ሰነበተ፣ የባንኩ ጥበቃ “የማውቃቸው ጥሩ ሴትዮ አሉ፣ ሁለት ክፍል ያከራያሉ” አለው፣ አለቀ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛም ዕቃችንን የጭነት መኪና ላይ ጭነን ተከተልነው። ፍራሹ ገና ሳይወርድ ጎረቤቶች “ቤት ለእምቦሳ” እያሉ ገቡ። እማዬ “እምቦሳ እሰሩ” ትላለች፣ እነሱ ቡና ይዘው ይመጣሉ። ለሦስት ቀን ምድጃ አላነደድንም። እንጀራውም ወጡም ከጎረቤት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 ተራው የኔ ሆነ። የምንኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ሄርንደን የሚገኝ አንድ ድርጅት የተሻለ ሥራ ሰጠኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቁ አምስተኛ ክፍል ሊገባ ነው፣ ትንሿ ኪንደርጋርተን። እማዬም ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። 72 ዓመቷ ነው፣ መኪና አትነዳም፣ እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ሥራውን እቀበል አልቀበል የሚለውን በሁለት ቀን ጨረስን። የት እንኑር የሚለው ግን ሦስት ወር ፈጀ። በመሀል ከባለቤቴ ጋር የተኮራረፍንባቸውን ቀኖች አልቆጥርም።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ተናግሬ ልለፍ። ለመዛወሪያ 10 ሺህ ዶላር እንሰጥሃለን ሲሉኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አሠሪ ለዕቃ ማጓጓዣ የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ደሞዝ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል። እጄ የገባው 7 ሺህ አልሞላም። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የላትም፤ ቨርጂኒያ እስከ 5.75 በመቶ ትወስዳለች። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ሜሪላንድ ብትኖር ደግሞ ስቴቱ ከሚቆርጠው ሌላ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ለብቻው 3.2 በመቶ ነበር የሚወስደው። “እንግዲያው ቨርጂኒያ ይሻላል” ያለ ሰው፣ ቨርጂኒያ በር ላይ ቆማ ለምትውል መኪና ሳይቀር በየዓመቱ እንደምታስከፍል ይወቅ። እኔ ያወቅሁት ደብዳቤው ሲመጣ ነው።

ዲሲ አካባቢ ያለ ሀበሻ ሁለት ጎራ ነው። የሜሪላንዱ “ሲልቨር ስፕሪንግ ግባ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ነው” ይልሃል። ሥጋ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ ቤተክርስቲያኑ፣ ወደ ዲሲ የሚወስደው ሬድ ላይን የሚባለው ባቡር። የቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያንና ፎልስ ቸርችን ይጠራል፤ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ካሉት የሀበሻ ሱቆች በርበሬም ጀበናም ሳታጣ ትወጣለህ ይልሃል። ሁለቱም ያልተናገሩት ነገር ቢኖር እርስ በርስ እንደማይጠያየቁ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የድሮ ጓደኛዬን “ቨርጂኒያ ያለው ወንድምህን መቼ አየኸው?” ብለው “ፋሲካ ላይ” አለኝ። በመሀላቸው ያለው ፖቶማክ ወንዝና አንድ ድልድይ ነው። ሰውየው ድልድዩን ሲያነሳ የአባይን በረሃ የሚያቋርጥ ነው የሚመስለው። በኋላ ፈረድሁለት። ከሱ ቤት እስከ ሄርንደን እሁድ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግን በቤልትዌይ፣ ዲሲን በሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ የአሜሪካን ሊጅን ድልድይን ለመሻገር ስሞክር አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ሜሪላንድ በዚያው ተሰረዘች።

ከዚያ የትምህርት ቤት ነገር መጣ። አሜሪካ ውስጥ ልጅህ የሚማርበትን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚወስነው አድራሻህ ነው። መንገዱ በዚህ በኩል ከሆንክ አንዱ፣ በዚያ በኩል ከሆንክ ሌላው። የቤት ኪራይህን ውልና የመብራት ቢልህን አምጣ ትባላለህ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከ10 ነጥብ ተሰጥቶታል። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ይህንን ነጥብ ስታነብ ታድራለች። “ይሄኛው 8 ነው፣ ያኛው 4 ነው።” 8 የሆነው ጋ ኪራዩም ስምንት ነው። እኔ ነጥቡን ብዙ አላምነውም። በአብዛኛው የፈተና ውጤት ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጅን ኪስ ተከትሎ ይሄዳል። እሷ ግን “በልጆቼ አልሞክርም” አለች። ምን ትላታለህ?

አዲስ አበባ ብንሆን ቤቱ አንድ ጥግ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ ጥግ ሆኖ ሰርቪስ ያመላልሳቸው ነበር። ለከፋይ ማለቴ ነው።

ቤት የምታፈላልግልን ሪልተር ሀበሻ ናት። በገዛ ቋንቋችን እንደልባችን እንጠይቃለን ብለን ደስ አለን። ባለቤቴ ገና ስልኩን እንዳነሳችላት “ይሄ ሰፈር ሰላም ነው? ሀበሻ ይበዛበታል? ትምህርት ቤቱስ?” አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች። “እህቴ፣ ሦስቱንም ልመልስልሽ አልችልም። ፈቃዴን ታስቀሚኛለሽ።”

ቀልድ መስሎን ነበር። ለካ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ተገደለ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት በሳምንቱ ኤፕሪል 11 ነው። ከዚያ በፊት የቤት ደላላው ጥቁሩን ወደ አንድ ሰፈር፣ ነጩን ወደ ሌላው እየመራ ከተማውን ለሁለት ሲከፍል ኖሯል። ሕጉ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር ለይቶ ወደዚህ ሂድ፣ ወደዚያ አትሂድ ማለትን ከለከለ። በ1988 ደግሞ ልጆች አሉህ ብሎ ቤት መከልከል ተጨመረበት። “ሀበሻ ይበዛበታል” ለኛ የምሥራች ነው። ለሷ ግን ሰውን በትውልድ አገሩ መምራት ነው። ስለ ሰላሙና ስለ ትምህርት ቤቱ መናገርም ዞሮ ዞሮ እዚያው ያደርሳል ብላ አፏን ትይዛለች።

የአዲስ አበባ ደላላ ሳትጠይቀው ይነግርሃል። አከራይዋ የእግዜር ሰው ናቸው፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ጎረቤቱ ጨዋ ነው፣ ግሮሰሪ አጠገቡ የለም። ግማሹ ውሸት ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ስትገባ ታውቀዋለህ። ችግሩ እሱም መልሶ ይጠይቅሃል። ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ? ሃይማኖታችሁስ? አገራችሁ ወዴት ነው? ባለቤቴ ትልቁን ልጃችንን አርግዛ ሳለ አዲስ አበባ ሁለት አከራዮች ሆዷን አይተው መልሰውናል። አንዷማ “ልጅ ግድግዳ ያበላሻል” አሉን፣ ያልተወለደውን ልጅ። ስለዚህ የሪልተሯ ዝምታ ቢያበሳጨኝም ሰድቤ አልሰድባትም።

“ታዲያ ምን እናድርግ?” አልናት።

“ቅዳሜ ከሰዓት መኪናችሁን አቁማችሁ ቁጭ በሉ። የሚገባ የሚወጣውን እዩ።”

እንዳለችን አደረግን። እማዬንም ይዘን በረርን። መጀመሪያ የሄድነው አሽበርን ነው፣ ለሥራዬም ቅርብ፣ ትምህርት ቤቱም ባለ ከፍተኛ ነጥብ። ታውን ሃውሱ አዲስ ነው፣ ኩሽናው ያበራል። መስኮት የሌላቸው የዳታ ሴንተር ሕንፃዎች ከዛፉ በላይ ይታያሉ። ባለቤቴ ዓይኗ በራ። ደጅ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምን። አንድ ሰው ውሻ ይዞ አለፈ፣ እጁን አውለበለበልን፣ በቃ። እማዬ ግራ ቀኙን አይታ አይታ፣ “እዚህ ጥሩንባ ቢነፋ ማን ይሰማል?” አለች። የእድር ጥሩንባ ማለቷ ነው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ጋርላንድ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ነበረን። እማዬ እዚያ አምስት ዓመት ኖረች። ጠዋት እኛ ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፤ እሷ ጎመኗን ታጠጣለች፣ ዩቲዩብ ከፍታ ስብከት ትሰማለች፣ እስከ ማታ። አገር ቤት እያለች ከጉሊት ቲማቲም ለመግዛት ወጥታ የምትመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ የምትፈልገው ቲማቲሙን እንዳልነበር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ባለቤቴና እኔ ሁለት መኪና አለን፤ ሰፈር ስንመርጥ ለሁለታችን ብቻ ነው የመረጥነው።

በዚያው ሰሞን ለእህቴ ደወልኩና ይህንኑ አማረርኩላት። “እናንተ ታድላችሁ፣ ሰፈራችሁ ሰው ነው” አልኳት። አልወደደችውም። “አንተ ደግሞ! የትኛው ሰፈራችን?” አለችኝ። እህቴ ለኮንዶሚኒየም በ1997 ዓ.ም. ተመዝግባ ከ10 ዓመት በላይ ጠብቃ እጣ የወጣላት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ጋ። ሥራዋ ሜክሲኮ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ነው ሰልፍ የምትይዘው። “እኛን የት ትኖራላችሁ ብሎ የጠየቀን የለም፣ እጣው ነው የላከን። ስንገባ ውኃም መብራትም አልነበረም። አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከመርካቶ የመጣ፣ ማንም ማንንም አያውቅም። እድሩን ያቋቋምነው በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ያውም ከሦስተኛ ፎቅ ሰው ሞቶ አስከሬን የሚያወርድ ስናጣ።” ዝም አልኩ። እኔ ስናፍቀው የነበረው አገር የአባቴ ባሕር ዳር ነው። እሷ የምትኖርበትን አገር አላውቀውም።

በማግስቱ አሌክሳንድሪያ ሄድን፣ ዌስት ኤንድ የሚባለው በኩል። ረጃጅም ያረጁ አፓርትመንቶች። ሊፍቱ ይንቋቋል። ትምህርት ቤቱ ያው ባለ 4 ነጥቡ ነው። ደጁ ላይ ግን ነጠላ ያጣፉ ሁለት እናቶች አውቶቡስ ይጠብቃሉ። የከተማው አውቶቡስ ዳሽ ይባላል፤ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ በነፃ ነው። ካርድ የለ፣ ሳንቲም የለ፣ ከሹፌሩ ጋር እንግሊዝኛ የለ። ወጥተህ መቀመጥ ነው። እማዬ እኛን ሳትጠይቅ እናቶቹ ጋ ሄዳ ሰላም አለቻቸው። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ እነሱ አልተሳፈሩም።

ባለቤቴን ማሳመን ሌላ ሁለት ሳምንት ወሰደ። የተስማማነው የአንድ ዓመት ውል ፈርመን፣ ልጆቹ ከተጎዱ ልንለቅ ነው። ትልቁ ልጅ ክፍሉን ከእህቱ ጋር መጋራቱን ሲያውቅ አንድ ሳምንት አኮረፈ፤ ኳስ የሚመታበት ግቢም ቀረ። የባለቤቴ የነርስነት ፈቃድ ቴክሳስም ቨርጂኒያም የሚቀበሉት ዓይነት ስለሆነ ሥራ ለመጀመር አልተቸገረችም፤ አዲሱን የቨርጂኒያ ፈቃድ እስክታወጣ በቴክሳሱ ሠራች። እኔ ጠዋት ጠዋት በቤልትዌይና በክፍያው መንገድ 50 ደቂቃ እነዳለሁ፣ ዝናብ ከጣለ ከዚያም በላይ። አሽበርን ብንገባ 15 ደቂቃ ነበር። ይህንን ባለቤቴ አልረሳችም፣ በተለይ ለክፍያው መንገድ የወጣውን ቢል ስታይ።

ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ወደውታል። ወደውታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ በፈተና ይታያል፣ ገና ነው።

ውሉን ካደስን በኋላ አንድ ቀን እማዬ ለእህቴ ደውላ የምንኖርበትን ስታስረዳት ሰማኋት። እኔ አድራሻ ሲጠይቁኝ የሕንፃውን ቁጥርና 22311 የሚለውን ዚፕ ኮድ ነው የምናገረው። እሷ ደግሞ፣ “ከአውቶቡሱ ትወርጂና የእንጀራ ሱቁን አልፈሽ ወደ ላይ ትታጠፊያለሽ። ትልቁ ሕንፃ ነው፣ ዘጠነኛ ፎቅ። ከጠፋሽ የጎጃሟን ሴትዮ ቤት ጠይቂ፣ በራችን ፊት ለፊት ናት፣ ሁሉም ያውቃታል።”

በራችን ፊት ለፊት ማን እንደሚኖር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።