ለአያ ሶፊያ ደቂቃ፣ ለቆዳ ሱቅ ግማሽ ቀን

ከጅማ ሰው ሰብስቦ ኢስታንቡል የሚወስድ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሰሞኑን የቀጣዩን ጉዞ ፕሮግራም አውጥቷል። የታሪካዊ ቦታዎቹ ሰዓት ተቀንሷል፣ የገበያው ተጨምሯል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አስተባባሪው የሰጠው መልስ ነው ያንገበገበኝ፦ «ሰዉ የሚፈልገው ገበያ ነው። ድንጋዩን በዩቲዩብ ያየዋል።»

ባለፈው ጉዞ እኔም ነበርኩ። «ሰዉ» ከተባለው ውስጥ አለሁበት ማለት ነው። ማንም የጠየቀኝ የለም። አብረውኝ ከሄዱት ያገኘኋቸውም አልተጠየቁም።

ይቺን የዩቲዩብ ነገር እንያት እስቲ። በስልክ የሚታይ ነገር መሄድ የማያስፈልገው ከሆነ፣ የቆዳ ጃኬቱም ፎቶው ከነዋጋው ቴሌግራም ላይ አለ። ብር ተቀብሎ የሚያስመጣ ነጋዴ ሄርማታ መርካቶ አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተሠርቶ በኋላ መስጊድ፣ ቀጥሎም ሙዚየም የሆነውን የኢስታንቡሉን አያ ሶፊያን ግን ማንም አያስመጣልንም። ታዲያ ከሁለቱ የአውሮፕላን ትኬት የሚያስቆርጠው የትኛው ነው?

ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ ወደ አያ ሶፊያ የላይኛው ሰገነት የሚገባው 25 ዩሮ ከፍሎ ነው። በብር ሲመነዘር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ገባን። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላን «ባሱ እየጠበቀ ነው» ተባለ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆዳ ሱቅ ውስጥ ሻይ ሲቀዳልን ዋለ።

አንድ ሕንፃ ለማየት አንድ ሰዓት ምን አነሰው የሚል ይኖራል። ይህ እኮ የባይዛንታይኑ (የምሥራቅ ሮማ) ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያን እ.ኤ.አ. በ532 አስጀምሮ በ537 ያስመረቀው ሕንፃ ነው። ፋርስን አብረን እንውጋ ብሎ ወደ እኛው ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ የላከው ያው ዩስቲኒያን ነው። ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው ወሬው ከዚህ ቢጀመር ማን ጆሮውን ይነፍግ ነበር?

ጉልላቱ ወርዱ 31 ሜትር ገደማ ነው። ከወለሉ 55 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ግርጌውን 40 መስኮቶች ከበውታል፤ ብርሃን በእነሱ ሲገባ ያ ሁሉ ግንብ በምን እንደተያዘ ግራ ይገባል። የመጀመሪያው ጉልላት ደግሞ ይህ አልነበረም። ያኛው ጠፍጠፍ ብሎ ስለተሠራ ክብደቱ ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ገፋ። የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨመረበትና በ558 ተደረመሰ። ሁለተኛውን ከፍ አድርገው ሠሩት፣ በ562 አለቀ። እሱም በ10ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን በከፊል ወድቆ ተጠግኗል። በ16ኛው መቶ ዘመን የኦቶማን ቱርኮች ታላቅ መሐንዲስ ሲናን ከውጭ ደጋፊ ግንብ አቆመለት። ባይዛንታይኑ የጀመረውን ኦቶማኑ ደግፎ ነው እስከ ዛሬ የቆመው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ቤቴ ተመልሼ አንብቤ ነው። አስጎብኚያችን ባስ ውስጥ ማይክ ይዞ የነገረን ስለ በግ ቆዳ ልስላሴ ነበር።

እኛ ደግሞ ሙስሊምም ክርስቲያንም ሆነን ነው ከጅማ የሄድነው። ላይ ሰገነቱ ላይ ድንግል ማርያምና መጥምቁ ዮሐንስ ከክርስቶስ ግራና ቀኝ ቆመው ሲለምኑ የሚያሳይ ሞዛይክ (በጥቃቅን ጠጠርና መስታወት የተሠራ ሥዕል) አለ። ከዚያው ሆኖ የአላህ፣ የነቢዩ ሙሐመድ፣ የአራቱ ኸሊፋዎች፣ የሐሰንና የሑሴን ስም የተጻፈባቸው ስምንት ግዙፍ ክብ ሰሌዳዎች ይታያሉ። ሁሉም የልቡን የሚያገኝበት ቤት ነበር። አንዱንም ቆም ብለን አላየነውም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አያ ሶፊያ እንደገና መስጊድ ነው። ታችኛው ወለል ለሰጋጅ ክፍት ነው፣ ትኬት የለውም። አብረውን የነበሩ አንድ አባት «ልጄ፣ ሁለት ረከዓ ብቻ ሰግጄ ልምጣ» ብለው አስጎብኚውን ለመኑት። «ሐጂ፣ ሰዓት የለንም፤ ሌላ መስጊድ እንወስድዎታለን» አላቸው። አልወሰዳቸውም። ለሁለት ረከዓ ያልነበረ ሰዓት ለቆዳ ሱቅ ከየት መጣ? እኚህን ሰው አሳዝኖ ሲያበቃ «ሰዉ የሚፈልገው ገበያ ነው» ማለት ነውር ነው።

አስጎብኚው ከሱቁ ኮሚሽን ማግኘቱን አልቃወምም። ጅማ የንግድ ከተማ ነው፤ ደላላም በላቡ እንደሚበላ እናውቃለን። የኛ ደላላ ግን ደላላ ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው። የገበያው ሰዓት ለማን ተብሎ እንደተጨመረ ለመገመት ደግሞ ምርመራ አያስፈልግም።

እስቲ ይገልበጥ። ከቱርክ የመጣ ቡድን ጅሬን ወጥቶ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በሩጫ ቢያልፈው፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በርጩማ ሲገዛ ቢውል፣ ስለ እኛ ምን አውቆ ይመለሳል? በርጩማውን ይግዛ፣ ደስ ይለናል። ግን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዛ ንጉሥ ቤት ለፎቶ ብቻ ሲሆን ዝም ብለን አናይም።

ገበያ የሚፈልግ ገበያ ይሂድ፣ ማየት የሚፈልግ እዚያው ይቆይ፤ ማታ ሆቴል ይገናኙ። ድርጅቱ የትኛው ቦታ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ከየትኛው ሱቅ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ጽፎ ይስጥ። ለቀጣዩ ጉዞ ስማችሁን ያስመዘገባችሁም ወረቀቱን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።